ኢንተርኔት ሲዘጋ የሰልፍ ወሬ በምን ይደርሳል?

ነሐሴ 1 ቀን 2008 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ ትልቅ የተቃውሞ ሰልፍ ነበር። በዚያው ቅዳሜና እሁድ ኢንተርኔት በአገሪቱ ተዘግቷል። ታዲያ ደብረ ኤልያስ ያለ ሰው የሆነውን በምን ይስማ?

ኢንተርኔት መዝጋት ከባድ አልነበረም። ያኔ አገልግሎቱን የሚሰጠው ኢትዮ ቴሌኮም ብቻ ስለነበር አንድ በር መዝጋት ይበቃል። አጭር ሞገድ ሬዲዮ ግን ሌላ ነው። ሞገዱ ወደ ላይ ወጥቶ አዮኖስፌር ከሚባለው፣ ኤሌክትሪክ የያዙ ቅንጣቶች ካሉበት የአየር ንብርብር ወደ መሬት ይመለሳል። ለዚህ ነው የአሜሪካ ድምፅና ዶይቼ ቬለ ከሩቅ አገር ሆነው ጎጃም ገጠር ድረስ ይሰሙ የነበሩት። ለማፈን የፈለገ በዚያው ፍሪኩዌንሲ ጠንካራ ጩኸት መልቀቅ አለበት።

ግን ሞገዱ ደረሰ ማለት ወሬው ትክክል ነው ማለት አይደለም። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በዚያ ቀን ባሕር ዳር ቢያንስ 30 ሰው ተገድሏል ሲል፣ የመንግሥት ቁጥር ከዚያ በጣም ያንስ ነበር። የቱን እንመን?

እስቲ እንደ መለኪያ መሣሪያ እናስበው። አንድ ንባብ ብቻውን አይታመንም፤ በሌላ መሣሪያ ይመሳከራል። ስለዚህ ጠይቁ፦ የቆጠረው ማነው? ቦታው ላይ ነበር? ራሱ አጣርቶ ነው ወይስ ከሌላው ቀድቶ? አሥር ጣቢያ ከአንድ ሰው ቢቀዳ ምስክሩ ያው አንድ ነው።

የኢንተርኔት መዘጋት ትልቁ ጉዳትም እዚህ ላይ ነው። ሬዲዮው ይሰማል፤ ጋዜጠኛው ግን ሁለተኛውን ምስክር ያጣል።