የትምህርት ጥራት ጠባቂ ማን ነው? የሚባለውና እውነታው

በከፍተኛ ትምህርት ተቋሞቻችን የጥራት ነገር በተነሣ ቁጥር ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው፣ ጥራትን የሚጠብቀው ከውጭ የሚመጣ መርማሪ ነው የሚለው እምነት ነው፤ ይኸውም ቀድሞ የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ ይባል የነበረው፣ ዛሬ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የተባለው መሥሪያ ቤት ፈቃድ ከሰጠ ትምህርቱ ደኅና ነው፣ ትምህርቱ ከተበላሸም ተጠያቂው እርሱ ነው እንደ ማለት ነው። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። ኤጀንሲው በአዋጅ ቁጥር 351/1995 ሲቋቋም የተሰጠው ተግባር መመዘንና መመስከር ነበር፤ ቀጥሎ የወጣው አዋጅ ቁጥር 650/2001 ደግሞ በ22ኛው አንቀጹ፣ እያንዳንዱ ተቋም የሚታመንና ዘወትር የሚሻሻል የውስጥ የጥራት ማጎልበቻ ሥርዓት እንዲኖረው፣ ሥርዓቱም የመምህራንን ሙያዊ እድገት፣ የትምህርቱን ይዘት፣ የማስተማሩን ሂደት፣ ፈተናውንና የውጤት አሰጣጡን ሁሉ እንዲያካትት፣ ተማሪዎችም በእነዚሁ ጉዳዮች ላይ ግምገማቸውን እንዲሰጡ ደነገገ። በእነዚህ በሁለቱ አዋጆች ዘመን የእውቅና ፈቃድ ለማውጣት ይገደዱ የነበሩት የግል ተቋማት ብቻ እንደ ነበሩ ለሚያስታውስ ሰው፣ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል፤ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አልፎ አልፎ ኦዲት ቢደረጉም፣ በየዕለቱ ይጠብቃቸው የነበረው የገዛ ራሳቸው የውስጥ ሥርዓት እንጂ ሌላ አልነበረምና።

የአባቶቻችን ጉባኤ ቤት በውጭ ምስክርነትና በዕለት ጥበቃ መካከል ያለውን ይህን ልዩነት ጠንቅቆ ያውቀው ነበር። የድጓ ደቀ መዝሙር ለብዙ ዓመታት ሲያጠና ከኖረ በኋላ ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም ሄዶ ያስመሰክራል፤ ነገር ግን ዜማው የቀናው፣ ሕፀፁ የታረመው፣ ምልክቱም በቃል የተያዘው ከዚያ አስቀድሞ በየኔታ ፊት፣ ተማሪውና መምህሩ ብቻ በሚያውቁት የዕለት ድካም ነው። የቤተ ልሔም ምስክርነት የጸናው ይህን የዕለት ድካም የሚሸከም መምህር በየደብሩ ስለ ነበረ ነው፤ የዛሬው የእውቅና ወረቀትም ከበስተኋላው እንዲህ ያለ የዕለት ሥራ ከሌለው ሊመሰክር የሚችለው ነገር የለውም።

ጥራትን በሕንፃ፣ በቤተ ሙከራና በዶክተሮች ቁጥር የሚለካው እምነት ብዙ ክርክር አያስፈልገውም። እነዚህ ሁሉ የግድ ያስፈልጋሉ፤ ይሁን እንጂ ቤተ ሙከራው ተቆልፎ ከርሞ ተማሪው ሙከራውን በሰሌዳ ላይ ብቻ ካየው፣ የውስጥ ሥርዓቱ ሊጠይቅ የሚገባው ስንት ቤተ ሙከራ እንዳለ ሳይሆን በዚህ ሴሚስተር ስንቱ ተማሪ በገዛ እጁ እንደ ሠራ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ብዙ ጉዳት ያደረሰው ግን የውስጥ ጥራት ማረጋገጫን መምህርን ማጥመጃ አድርጎ የማየት ልማድ ነው። በሴሚስተሩ መጨረሻ ተማሪዎች፣ የሥራ ባልደረቦችና የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ መምህሩን በቅጽ ሲገመግሙት፣ መምህሩ በዳኛ ፊት እንደ ቆመ ሰው ይሸማቀቃል፤ ተማሪውም ነጥብ እንዳይጎድልበት ሠግቶ፣ ወይም ምንም ለውጥ አይመጣም ብሎ ተስፋ ቆርጦ፣ ጥያቄውን ሁሉ ሳያነብ በከፍተኛው ቁጥር ሞልቶ ያስረክባል። እንዲህ የተሞላ ቅጽ ለማንም አይጠቅምም። የግምገማው ዓላማ ግን ሌላ ነው፤ የኮርሱ ምዕራፎች በእውነት ተሸፍነው እንደ ሆነ፣ ፈተናው ከተማሩት ጋር ይስማማ እንደ ሆነ፣ የታረመው ወረቀት በጊዜው ተመልሶላቸው እንደ ሆነ ማወቅ ነው። ይህን ካወቀ በኋላ የትምህርት ክፍሉ ተሰብስቦ የሚለወጠውን ይወስናል፤ የወሰነውንም ለተማሪዎቹ መልሶ ይነግራል። በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጠው ይህ የመጨረሻው ተግባር ነው፣ በብዙ ቦታ የሚቀረውም ይኸው ነው፤ የተናገረው ቃል ፍሬ ማፍራቱን ያየ ተማሪ በሚቀጥለው ሴሚስተር ቅጹን አንብቦ ይሞላልና። ፈተናን ከመስጠት በፊት ባልደረባ እንዲያየው ማድረግም የመምህሩን ነፃነት ይነካል የሚሉ አሉ፤ ኮርሱ ግን በሴኔት የጸደቀ የተቋሙ አደራ ስለ ሆነ፣ ጥያቄዎቹ ከኮርሱ ዓላማ ጋር ተመዝነው፣ አሻሚው ተስተካክሎ፣ ከአንድ ምዕራፍ ብቻ የተለቀመው ተሰባጥሮ ቢወጣ መምህሩ ከሐሜት ይጠበቃል፣ ተማሪውም ፍትሕ ያገኛል።

ስለ ውጤት ደግሞ ሁለት ተቃራኒ እምነቶች አሉ፤ አንዱ ብዙ ተማሪ ካለፈ ትምህርቱ መልካም ነው ሲል፣ ሌላው ብዙ ተማሪ የሚጥል መምህር ጥራትን ጠባቂ ነው ይላል። ሁለቱም ፈተናው ራሱ ምን እንደ መዘነ ሳይጠይቁ ስለሚፈርዱ ሁለቱም ይሳሳታሉ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር አቀፍ ደረጃ የተሰጠውን የመውጫ ፈተና ከወሰዱት 150,184 ተፈታኞች መካከል ግማሹንና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት 61,054፣ ማለትም ከመቶ 40.65 ብቻ ነበሩ፤ ከግል ተቋማት ተፈታኞች ደግሞ ያለፉት ከመቶ 17.2 ናቸው። ለዓመታት በየሴሚስተሩ ማለፊያ ሲሰጣቸው ከኖሩ ተማሪዎች ይህን ያህሉ መውደቃቸው፣ በየተቋሙ ይሰጥ የነበረው ውጤት በውስጥ በኩል የሚመረምረው እንዳልነበረ ያሳያል፤ እጅግም ያሳዝናል፣ የወላጅ ገንዘብና የወጣት ዕድሜ ያለቀበት ነገር ነውና።

ከዚያ ወዲህ ግን ሌላ እምነት ተተክቷል፤ የመውጫ ፈተና ስለ መጣ የውስጡ ቁጥጥር አያስፈልግም የሚል። ከተሰጡ አማራጮች በመምረጥ የሚመለስ ፈተና የሐኪሙን እጅ፣ የመሐንዲሱን ንድፍ፣ የሕግ ባለሙያውን ክርክር ሊመዝን አይችልም፤ ደግሞም የሚመጣው ትምህርቱ ካበቃ በኋላ ስለ ሆነ፣ በሁለተኛው ዓመት የተፈጠረን ጉድለት በአራተኛው ዓመት ቢያሳይ ለዚያ ተማሪ ዘግይቷል። ተማሪው ደካማ ሆኖ ከመጣ ምን እናድርግ የሚለውም ምክንያት ከፊል እውነት አለው፤ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፣ የማካካሻ ትምህርትም የተጀመረው ስለዚህ ነው። ነገር ግን የአዲስ ገቢው ተማሪ ድካም አስቀድሞ ከታወቀ፣ የትኛው መሠረታዊ ኮርስ ተጨማሪ ሰዓት እንደሚሻ ለይቶ ማዘጋጀት የተቋሙ የውስጥ ሥራ ነው።

በመጨረሻም ጥራት ማለት ዶሴ መሙላት የሚመስላቸው አሉ። የውጭ ኦዲት በተቃረበ ጊዜ የራስ ግምገማ ሰነድ በጥድፊያ ይጻፋል፣ ቃለ ጉባኤ ይሰበሰባል፣ መዝገብ ይደረደራል። የውስጥ ጥራት ማረጋገጫ ከኦዲቱ የትኩረት መስኮች አንዱ ነውና ሰነዱ መፈለጉ እውነት ነው፤ ሰነዱ ግን የሥራው ዱካ እንጂ ሥራው አይደለም። አንድ የትምህርት ክፍል በመውጫ ፈተና ተማሪዎቹ የወደቁበትን ኮርስ ለይቶ፣ ኮርሱ በስንት ሳምንት እንደ ተሰጠ፣ ያለፉት ዓመታት የፈተና ወረቀቶች ምን እንደ ጠየቁ፣ መምህሩ ምን መጽሐፍ እንዳጣ መርምሮ፣ ማሻሻያውን ማን እስከ መቼ እንደሚፈጽም ከወሰነ፣ ቃለ ጉባኤው ሁለት ገጽ ቢሆን ይበቃል። ይህ እንዲሆን የጥራት ዳይሬክተሩ በቀጥታ ለፕሬዚዳንቱ የሚያቀርብ፣ የራሱ በጀትና ባለሙያ ያለው፣ ዲኖች ውሳኔውን ያልፈጸሙበትን ምክንያት በጽሑፍ ሊጠይቅ የሚችል ሰው መሆን አለበት፤ የትምህርት ክፍሉም ስብሰባውን በዚያው ኮርስ ላይ በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ወር መድገም ይኖርበታል።