ከቺንጋ ወደ ዘይት፤ በአሰላ አውድማ ላይ

በኅዳርና በታኅሣሥ ከአሰላ ተነሥቶ ወደ ሳጉሬና ወደ በቆጂ የሚሄድ መንገደኛ በግራና በቀኝ የስንዴና የገብስ ክምር እየተመለከተ ይጓዛል። ማሳው ሰፊና ሜዳ በሆነበት ስፍራ ኮምባይነር ገብቶ አጭዶም ወቅቶም ይወጣል፤ መሬቱ ተዳፋት፣ ድንበሩም ጠባብ በሆነበት ግን ኮምባይነሩ አይደርስም። በዚያ የሚሠራው ወይ እንደ ጥንቱ አውድማ ላይ የሚዞረው በሬ ነው፤ ወይም በትንሽ የናፍታ ሞተርና በአንድ ቺንጋ የሚሽከረከር የመውቂያ መኪና ነው። ዛሬ የምጽፈው ስለዚህ ቺንጋ ነው። አንባቢዬ «ስለ ቺንጋ ደግሞ ምን ይጻፋል?» ብሎ ገጹን ከመግለጡ በፊት ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምነዋለሁ፤ ነገ በአንድ ወረዳ የእርሻ ጽሕፈት ቤት ተቀምጦ ለመሣሪያ መግዣ ፊርማውን የሚያኖረው ምናልባት እርሱ ራሱ ይሆናልና።

ነገሩ እንዲህ ነው። መውቂያውን የሚያዞረው ትንሽ ሞተር ብዙ ጊዜ 10 ወይም 12 የፈረስ ጉልበት አለው ተብሎ ይገዛል። አሰላ ግን ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ስለ ሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩም የሚተነፍሰው አየር ስለሚያንሰው ከጉልበቱ ከአምስት አንዱን ገደማ ያጣል። 12 ተብሎ የተገዛው 10 እንኳ ሳይሞላ ይሠራል ማለት ነው። በዚህ ላይ ጤዛ የነካው ነዶ ሲገባበት ከበሮው ይታፈናል፤ ቺንጋው በፑሌጃው ላይ ይንሸራተታል፤ የተቃጠለ ጎማ ሽታም አውድማውን ይሞላዋል። ከጎኑ 80 የፈረስ ጉልበት ያለው ትራክተር ሥራ ፈትቶ ቆሟል። ባለ ገብሱ «ለምን ትራክተሩ አያዞረውም?» ቢል ማን ይፈርድበታል?

በእርሻ መሣሪያ ላይ መመራመር ለአሰላ አዲስ ነገር አይደለም። በ1960 ዓ.ም. ግድም በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት ሥራውን የጀመረው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭር ስሙ ካዱ፣ በበሬ የሚጎተቱ ማረሻዎችንና ጋሪዎችን እዚሁ ያሠራና ይሞክር ነበር፤ ዛሬም በከተማይቱ የእርሻ መሣሪያ ምርምር ማዕከል አለ። ትራክተር ግን በካዱ ዘመን ለጭሰኛው መልካም ወሬ አልነበረም። ባለ መሬቱ ትራክተር በገዛ ቁጥር ጭሰኛው ዕቃውን ጭኖ ይነሣ ነበር፤ እስከ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ድረስ። ዛሬ ትራክተሩ በኪራይ ከማሳ ወደ ማሳ ይዞራል፤ ስለዚህም አንዱ ትራክተር ስንት ዓይነት ሥራ ሊሠራ ይችላል የሚለው ጥያቄ የብዙ ቤተ ሰብ ጥያቄ ሆኗል።

ባለፈው ኅዳር በአሰላ በአንድ ጋራዥ ደጃፍ ቆሜ ሳለሁ ይህንኑ ጥያቄ የያዘ ገበሬ መጣ። ትራክተሩ ዕድሜ የጠገበ ቤላሩስ ነው፤ በናዝሬት፣ በዛሬዋ አዳማ፣ ይገጣጠሙ ከነበሩት ወገን። መውቂያውን ከኋላው አስሮ ጎትቶታል።

«ጋሼ፣ ተጎታቹን ከነጭነቱ የሚገለብጠው ዘይት ይህችን ከበሮ ማዞር ያቅተዋል? ቺንጋ በመግዛት አለቅን እኮ» አለ።

ባለ ጋራዡ በጥያቄው አልሳቀም። «ማዞሩንስ ያዞራታል፤ እስከ መቼ እንደሚያዞራት ነው የምናየው» አለው።

እዚህ ላይ ጥቂት ወደ ኋላ ልመለስ። በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ የተጫነውን ግፊት ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል እንደሚያደርስ ፈረንሳዊው ፓስካል በ17ኛው መቶ ዓመት አስረድቷል። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1795 በዚህ ሕግ የሚሠራ መጭመቂያ አወጣ። በትራክተር ላይ ያስለመደው ደግሞ የአየርላንድ ተወላጁ ሃሪ ፈርጉሰን ነው፤ እርሱም በ1936 ለገበያ በዋለው ትራክተሩ ማረሻው በዘይት ግፊት እንዲነሣና እንዲወርድ አደረገ። ልብ በሉ፤ የተፈለገው ማንሣትና ማውረድ ነው። ማንሣት የአፍታ ሥራ ነው፤ ከዚያ በኋላ ዘይቱ ያርፋል፣ ይበርዳል። ከበሮ ማዞር ግን ከጠዋት እስከ ማታ ዕረፍት የለውም።

ስሌቱም ከባድ አይደለም። በደቂቃ የሚፈሰውን ዘይት በሊትር፣ ግፊቱን በባር ወስዶ ሁለቱን ማባዛትና ለ600 ማካፈል ነው፤ የሚወጣው ኪሎዋት ነው። የዚህ ትራክተር ፓምፕ በደቂቃ 45 ሊትር ገደማ ያፈስሳል፤ ግፊቱን 160 ባር ብንል 12 ኪሎዋት፣ ማለት 16 የፈረስ ጉልበት እናገኛለን። ከ80ው 16 ብቻ! ከዚያም በቱቦው፣ በቫልቩና በዘይት ሞተሩ ውስጥ የሚባክነው ሲቀነስ ከበሮው ዘንድ የሚደርሰው 11 ወይም 12 ነው። የባከነው ሙቀት ይሆናል፤ ከ3 ኪሎዋት ይበልጣል። አንድ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ የሚስበው ይህን ያህል ነው፤ እንግዲህ ምጣድ በዘይቱ ማጠራቀሚያ ውስጥ ነክሮ ቀኑን ሙሉ እንደ ማንደድ ይቆጠር።

ባለ ጋራዡ ይህን ሁሉ ያውቃል፤ ነገር ግን ገበሬው በዓይኑ እንዲያይ ፈለገ መሰለኝ፣ ገጠመለት። ከጋራዡ ያገኘው የዘይት ሞተር በአንድ ዙር 100 ሴንቲ ሜትር ኩብ የሚውጥ ነው፤ በ45 ሊትር በደቂቃ 450 ጊዜ ይዞራል። ከበሮው የሚፈልገው 900 ነው። ስለዚህ በዘይት ሞተሩ ላይ ትልቅ ፑሌጃ፣ በከበሮው ላይ ግማሹን የሚያክል ፑሌጃ አደረገ፤ በመካከላቸውም ቺንጋ አለፈ። ከቺንጋ ሊገላገል የመጣው ሰው ቺንጋውን አይቶ ዝም አለ።

ደረቁን ነዶ ሲያጎርሱት መኪናው በደንብ ወቃ። አንድ መልካም ነገርም አየን፤ የዘይቱን ፍሰት በቫልቭ ሲቀንሱት ከበሮው ወዲያው ዝግ ይላል። ይህ በአሰላ ትንሽ ነገር አይደለም። ከተማይቱ የብቅል ፋብሪካ አላት፤ ለብቅል የሚሸጥ ገብስ ደግሞ መብቀል አለበት፤ ከበሮው ከመጠን በላይ ሲፈጥን የተሰበረው ፍሬ አይበቅልም። ገበሬው ፊቱ በራ።

ቀጥሎ ከክምሩ ሥር የተነሣ እርጥብ ነዶ ገባ። ከበሮው አጓራና ቆመ፤ ዘይቱ በግፊት ማስተንፈሻው በኩል እየጮኸ ወደ ማጠራቀሚያው ተመለሰ። ትንሿ የናፍታ ሞተር በጎኗ ከባድ የብረት መንኰራኵር ስላላት እንዲህ ያለውን እብጠት በዙሯ ኃይል ትሻገረዋለች፤ የዘይት ሞተር ግን እንደዚያ ያለ የተጠራቀመ ጉልበት የለውም። ሦስት ጊዜ አጽድተው ሦስት ጊዜ ቆመ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ቱቦው እጅ የማያስነካ ሆነ።

በዚህ መካከል ከቱቦው መጋጠሚያ አጠገብ ስስ ጭጋግ የመሰለ ነገር አየሁና ከየት እንደሚወጣ ለማወቅ ጣቴን ሰደድሁ። ባለ ጋራዡ ክንዴን መትቶ መለሰኝ። «ልጄ፣ ይህ ዘይት ቆዳ ይበሳል!» አለኝ። ከመርፌ ቀዳዳ በከፍተኛ ግፊት የሚወጣ ዘይት በእጅ ሥጋ ውስጥ ይገባል፤ ከላይ የሚታየው ነጥብ ብቻ ስለ ሆነ ሰው ይንቀዋል፣ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ካልከፈተው ግን ጣት እስከ ማስቆረጥ ያደርሳል። ፍሳሹን በካርቶን ቁራጭ ፈልጎ አሳየኝና ትራክተሩን አጠፋ። እኔ የፓስካልን ሕግ በዩኒቨርሲቲ ፈተና ላይ ጽፌ ጥሩ ነጥብ አግኝቼበታለሁ።

ከሰዓት በኋላ ሥራው ተለወጠ። የመውቂያው ከበሮ ከትራክተሩ ኋላ በደቂቃ 540 ጊዜ በሚዞረው ዘንግ እንዲነዳ ተደረገ፤ በዚያ በኩል የሞተሩ ጉልበት ከሞላ ጐደል በሙሉ ይገኛልና። ቺንጋው ግን በመካከል ቀረ፤ ያውም በባለ ጋራዡ ፈቃድ። ዘንጉ ምሕረት የለውም፤ ድንጋይ ወይም የእንጨት ጉማጅ ቢገባ ወይ ከበሮውን ወይ ማርሹን ይሰብራል፤ ቺንጋው ግን ተንሸራትቶ ያድናል። የሚዞረውን ዘንግ ሁሉ በቆርቆሮ ሸፈኑት፤ ገበሬው ጋቢ ለብሶ ነበርና። የዘይት ሞተሩም አልተጣለም፤ ፍሬውን ከመሬት አንሥቶ ወደ ጆንያ በሚያወጣው ጠመዝማዛ ማጓጓዣ ላይ ገባ። ያ ሥራ 2 ወይም 3 የፈረስ ጉልበት ይበቃዋል፤ ዘይቱ እምብዛም አይሞቅም፤ ቱቦው በወደደበት በኩል ይዞራል፤ እህል ሲታነቅም አንዷን እጀታ መግፋት ወደ ኋላ ያዞረዋል። እኔ እንደሚመስለኝ የዘይት ግፊት በጓሮ መሣሪያ ላይ ቦታው ይህ ነው።

ለመሣሪያ ግዥ የሚቀርበው ወረቀት ብዙ ጊዜ የፈረስ ጉልበቱን በትልቁ ይጽፋል፤ በደቂቃ ስንት ሊትር፣ በስንት ባር የሚለው ሳይጠየቅ አይነገርም። ሌላም መጠየቅ ያለበት አለ፤ ቤላሩሱ ለዘይት ግፊቱ የራሱ ማጠራቀሚያ አለው፤ እንደ አሮጌዎቹ ማሴይ ፈርጉሰን ባሉት ግን ፓምፑ የሚጠጣው የማርሹን ዘይት ነው። በእንደዚህ ያለው ትራክተር ቱቦ እየፈቱ በእብቅ መካከል የሚገጥሙ ሰዎች አቧራውን በቀጥታ ወደ ማርሹ ይልኩታል።

ወደ ማታ ደመናው ከጭላሎ ተራራ ወደ ታች መውረድ ጀመረ። ገበሬው መውቂያውን መልሶ አሰረና ሊሄድ ሲል ዘወር ብሎ «ጋሼ፣ የድርቆሽ መቁረጫም አለችኝ፤ እሷንስ በዘይቱ?» አለ። ባለ ጋራዡ ከኪሱ ጠመኔ አወጣና በትራክተሩ የጭቃ መከላከያ ላይ 45 ጻፈ፤ ከሥሩም 160። «ስንት የፈረስ ጉልበት እንደምትፈልግ ጽሑፏን አይተህ ና» አለው።