ሩጫውና የቡድን ጉዞው እንዴት ይጣጣሙ?
ለወላጅ አልባ ልጆች ድጋፍ በሚደረግ የእግር ጉዞ ለሚሳተፉ ወንድሞችና እህቶች





ለየቲሞች መርጃ የሚውል ገንዘብ ከሚሰበሰብባቸው መንገዶች አንዱ የቡድን የእግር ጉዞ ነው። አራት ወይም አምስት ሰዎች በአንድ ቡድን ይመዘገባሉ፤ ዘመዶቻቸው፣ ጎረቤቶቻቸውና የሥራ ባልደረቦቻቸውም ቡድኑ ጉዞውን ሲፈጽም የሚሰጡትን ገንዘብ አስቀድመው ቃል ይገባሉ። ከተጓዦቹ መካከል በግላቸው ረጅም ርቀት የሚሮጡ ጥቂቶች አይደሉም። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በ1994 ዓ.ም. ኅዳር ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ከተካሄደ ወዲህ፣ 10 ኪሎ ሜትር መሮጥ ለብዙ የአዲስ አበባ ነዋሪ የየዓመቱ ልማድ ሆኗል። ከዚያም አልፈው ለግማሽ ማራቶን፣ ማለትም ለ21 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት የሚዘጋጁ አሉ። በመሆኑም በየጊዜው የሚቀርብልን ጥያቄ አለ፤ ሯጭ የሆነ ሰው የራሱን ልምምድ ሳይተው ከቡድኑ ጋር ተራራ መውጣትን እንዴት ያጣጥማል? በዚህ ጽሑፍ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት እንሞክራለን።

ከስህተታችን የተማርነው

ይህን ጉዳይ የምናነሣው ከራሳችን ስህተት ተነሥተን ነው። ቀደም ሲል ባዘጋጀነው አንድ ጉዞ ከቡድኖቻችን የአንዱ አባላት አምስት ነበሩ። ከመካከላቸው እጅግ ብርቱው ለግማሽ ማራቶን ይዘጋጅ የነበረ ወንድማችን ነው። ማክሰኞና ሐሙስ በፍጥነት ይሮጣል፤ ቅዳሜ 18 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ እሑድ ደግሞ ከቡድኑ ጋር እንጦጦን ይወጣል። ዳገቱን ከሌሎቹ ቀድሞ ይጨርስና ጫፍ ላይ ይጠብቃቸዋል፤ ቁልቁለቱንም በሩጫ ይወርደዋል። እኛም «ማሻአላህ» እያልን ከማድነቅ በቀር፣ ቅዳሜ ምን ያህል እንደሮጠ የጠየቅነው ጊዜ አልነበረም። በአምስተኛው ሳምንት ቅልጥሙን ያመው ጀመር፤ ቡድኑን ላለማሳዘን ብሎ ደበቀን። በጉዞው ዕለት ከመንገዱ ሁለት ሦስተኛውን እንደ ሄደ እግሩን መሬት ላይ ማሳረፍ አቃተው። ባልደረቦቹ ደግፈው መኪና ወደሚደርስበት ስፍራ አወረዱት፤ የቡድኑም ጉዞ በዚያው ተቋረጠ።

ከለጋሾቹ አብዛኞቹ ጉዞው ባይፈጸምም ቃል የገቡትን ሰጥተዋል፤ አላህ ይስጥልን። ጥቂቶቹ ግን ቃላቸውን የሰጡት ቡድኑ ጉዞውን ከፈጸመ በሚል ስለነበር አልሰጡም፤ ልንወቅሳቸውም አይገባም። የጎደለውን ለማሟላት ሁለት ወር ፈጀብን፤ በዚህም የተነሣ ለአንዳንድ ልጆች ለትምህርት መክፈቻ የታሰበው ጫማ ዘገየባቸው። ያን ጊዜ የተረዳነው ነገር ቢኖር፣ የአንድ ሯጭ ከልክ ያለፈ ትጋት በመጨረሻ የሚያርፈው በሌላ ሰው ላይ መሆኑን ነው።

ሩጫና ተራራ መውጣት በምን ይለያያሉ?

ብዙ ሯጮች «እኔ ለሩጫ የበቃሁ ሰው ለእርምጃ አልቸገርም» ይላሉ። እርግጥ ነው፣ በሩጫ የጠነከረ ልብና ሳንባ ዳገት ላይ በእጅጉ ይጠቅማል። ችግሩ ያለው ቁልቁለቱ ላይ ነው። ስንወርድ የጭናችን የፊት ጡንቻ እንደ መኪና ፍሬን ሆኖ ይይዘናል፤ ይህንንም የሚያደርገው እየተለጠጠ ነው። ጡንቻ እየተለጠጠ ሲሠራ በውስጡ ያሉት ቀጫጭን ክሮች ይጎዳሉ። ሕመሙም በዚያው ዕለት አይሰማም፤ ይልቁንም ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይበረታል። ስለዚህ የእሑዱ ተራራ ዕዳውን የሚያስከፍለው ሰኞና ማክሰኞ፣ ሯጩ ፈጣን ልምምዱን ሊጀምር ሲነሣ ነው።

ደስ የሚያሰኘው ነገር ጡንቻ የሚማር መሆኑ ነው። አንድ ጊዜ ቁልቁለት የወረደ እግር በሚቀጥሉት ሳምንታት ተመሳሳይ መንገድ ሲገጥመው ሕመሙ በጣም ይቀንስለታል። በመሆኑም በየሳምንቱ ተራራ መውጣት ግዴታ አይደለም፤ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ጊዜ መውጣት ለብዙዎቻችን በቂ ነው። የሚጎዳው ጨርሶ ሳይለማመዱ ለጉዞው ዕለት መቅረብ ነው።

ሁለተኛው ልዩነት የአየሩ ሁኔታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። የአየሩ ግፊት በከተማችን በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ሲሆን፣ በተራራው ላይ ወደ 70 በመቶ ግድም ይወርዳል። ስለሆነም ሯጩ ከታች በለመደው ፍጥነት ላይ ልሂድ ቢል ልቡን ያለ አግባብ ያደክማል።

ሦስተኛው ልዩነት ጊዜ ነው። ዊልያም ናይስሚዝ የተባሉ የስኮትላንድ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጡት ስሌት እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ይኸውም ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ በተጨማሪም ለየ600 ሜትር ዳገት አንድ ሰዓት መያዝ ነው። ለምሳሌ 12 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 600 ሜትር ዳገት ያለው መንገድ ዕረፍት ሳይታሰብ 3 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ይፈጃል። 10 ኪሎ ሜትርን በአንድ ሰዓት ለሚሮጥ ሰው 12 ኪሎ ሜትር ቀላል ይመስለዋል፤ ነገር ግን እግሩ በሥራ ላይ የሚቆየው ከለመደው ከሁለት እጥፍ በላይ ለሆነ ጊዜ ነው። ከዚህ አንጻር የተራራ ጉዞን በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት መቁጠር ይገባል።

ሳምንቱን እንዴት እንደልድለው?

ዋናው መመሪያ አንድ ነው፤ የቡድኑ ጉዞ የሳምንቱን ረጅም ሩጫ ይተካል እንጂ በላዩ አይጨመርም። ወንድማችንን የጎዳው ቅዳሜ ረጅም ሩጫ ሮጦ እሑድ ተራራ መውጣቱ ነው። ይህን መሠረት በማድረግ ሁለቱን ሳምንታት እያፈራረቁ እንደሚከተለው መደልደል ይቻላል።

ጉዞ በሌለበት ሳምንት፦ ማክሰኞ ፈጣን ሩጫ፣ ሐሙስ ቀላል ሩጫ፣ ጁሙዓ ዕረፍት፣ እሑድ ረጅም ሩጫ።

ጉዞ ባለበት ሳምንት፦ ማክሰኞ መጠነኛ ፍጥነት ያለው ሩጫ፣ ሐሙስ 40 ደቂቃ ቀላል ሩጫ፣ ጁሙዓና ቅዳሜ ዕረፍት፣ እሑድ የቡድኑ ጉዞ። ከጉዞው በኋላ ሰኞ ዕረፍት ይሆናል፤ ማክሰኞ ቀለል ያለ እርምጃ ወይም ዝግ ያለ ሩጫ ይደረጋል፤ ፈጣኑ ልምምድም ወደ ሐሙስ ይተላለፋል።

ቀላል ሩጫ ስንል ከጎናችን ካለው ሰው ጋር ሳናለከልክ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መነጋገር የምንችልበትን ማለታችን ነው። መነጋገር ካቃተን ፈጥነናል ማለት ነው።

የዝግጅቱ ጊዜ ከ10 እስከ 12 ሳምንት ቢሆን መልካም ነው። የመጀመሪያው የቡድን ጉዞ ሁለት ሰዓት፣ ቀጣዩ ሦስት፣ ከዚያም አራት ሰዓት እየሆነ ያድጋል። ረጅሙ የልምምድ ጉዞ ዋናው ጉዞ ይፈጃል ተብሎ ከሚገመተው ሰዓት ሦስት አራተኛውን ቢሸፍን በቂ ሲሆን፣ ከዕለቱ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት አስቀድሞ መደረግ አለበት። በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ሩጫውም ጉዞውም ይቀንሳል። በእነዚህ ቀናት «አልበቃኝም» ብሎ የሚጨምር ሰው የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ይሆንበታል።

የሩጫ ውድድሩና የቡድኑ ጉዞ የሚቀራረቡ ከሆነ በመካከላቸው ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቢኖር ይመረጣል። ይህ ካልተቻለ ግን አንዱን ዋና ዓላማ፣ ሌላውን ያለ ፉክክር የሚሳተፉበት ማድረግ ነው። ለቡድኑ ስሙን የሰጠና በስሙ ቃል የተገባለት ሰው የትኛውን ማስቀደም እንዳለበት ግልጽ ይመስለናል።

ረመዷን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም ብሎ ስለሚመጣ፣ የልምምዱ መርሐ ግብር ሲወጣ ከጾሙ ወር ጋር መገናዘብ አለበት። በጾም ቀን ረጅም ጉዞ አይያዝ፤ ከኢፍጣር ጥቂት ቀደም ብሎ ወይም ከተራዊሕ በኋላ አጭር ቀላል ሩጫ ማድረግ ያለውን አቅም ለማቆየት ይበቃል።

ሕመምን መለየትም ያስፈልጋል። በሁለቱም እግሮች ላይ የተዘረጋና በሁለት ሦስት ቀን የሚለቅ ሕመም የልምምድ ነው። በአንድ እግር፣ በአንድ ነጥብ ላይ የሚወጋ፣ አጥንቱ ሲጫኑት የሚያም፣ በተሮጠ ቁጥር የሚብስ ከሆነ ግን ሩጫውን አቁሞ ሐኪም ማየት ያሻል። ለቡድኑ መሪም በዚያው ዕለት ይነገር። ሕመምን መደበቅ ትዕግሥት አይደለም።

በጉዞው ላይ ቡድኑ እንዴት ይሂድ?

በዓለም ከታወቁት የቡድን የበጎ አድራጎት ጉዞዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 በሆንግ ኮንግ የጉርካ ወታደሮች ልምምድ ሆኖ የተጀመረውና ከ1986 ወዲህ ለሲቪሎችም የተከፈተው «ትሬይልዎከር» ነው። መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ተጓዦች የሚመዘገቡት አራት አራት ሆነው ነው። የሚጠበቅባቸውም አብረው ተነሥተው አብረው መድረስ ነው። ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጀመዓ የሚያሰግድ ኢማም ከኋላው ያሉትን ደካሞችና አረጋውያን እንዲያስብ መታዘዙን ሁላችንም እናውቃለን። የቡድን ፍጥነትም የሚለካው በመጨረሻው ሰው እርምጃ ነው።

ስለዚህ የሯጩ ቦታ ፊት ሳይሆን ኋላ ነው። ፍጥነቱ ዝግ ያለው ሰው ከመሪው ቀጥሎ ይሂድ፤ ብርቱው ደግሞ ውኃውንና የመጀመሪያ ዕርዳታ መስጫውን ተሸክሞ ከሁሉም ኋላ ይከተል። በዚህ ሯጩ አይጎዳም፤ ሸክሙ በዝግታው ምክንያት የቀረበትን ልምምድ ይተካለታል። ብዙ ቡድኖች የሚሳሳቱት ዕረፍት ላይ ነው። ፈጣኖቹ ቀድመው ይቀመጣሉ፤ ዘግይቶ የመጣው ሲደርስ «በሉ እንነሣ» ይላሉ። በዚህ አኳኋን ይበልጥ ማረፍ የሚገባው ሰው ቀኑን ሙሉ ሳያርፍ ይውላል። ዕረፍቱ መቆጠር ያለበት የመጨረሻው ሰው ከተቀመጠ በኋላ ነው።

የዙህር ሶላት ለቡድኑ ዋና ማረፊያ ቢሆን ብዙ ጥቅም አለው። ለዉዱእ ካልሲ ሲወልቅ እግርን ለመመርመርም አመቺ ጊዜ ነው። የቀላና የሚያቃጥል ቦታ ካለ ውኃ ሳይቋጥር በፊት በፕላስተር ይሸፈን። ከታጠቡ በኋላም በጣቶቹ መካከል ሳይቀር በደንብ አድርቆ ደረቅ ካልሲ ማድረግ ይገባል፤ እግር የሚልጠው በአብዛኛው እርጥበት ነውና። ለዉዱእ የሚሆነው ውኃ ከመጠጡ ተለይቶ ይያዝ።

ለስንቅ ቴምር፣ ሙዝ፣ ቆሎና በሶ ከማንኛውም የታሸገ ምግብ አያንሱም፤ በየሰዓቱ ጥቂት ጥቂት መብላት ይመረጣል። ውኃ በተጠማን መጠን እንጠጣ። ከጥማት በላይ በግድ መጠጣት በደም ውስጥ ያለውን ጨው አቅጥኖ ለአደጋ ሊዳርግ ይችላል። ቁልቁለት ላይ በትር ወይም ከዘራ መያዝ የጉልበትን ጫና ይቀንሳል፤ ወጣት መሆን ከዚህ አያግድም።

ለቤተሰቦች

አንድ የምንዘነጋው ነገር አለ። ማክሰኞ፣ ሐሙስና እሑድ ለልምምድ ሲውሉ ጊዜው የሚቀነሰው ከቤተሰብ ነው። ለየቲም ልጅ አባት የመሆንን ጥቂት ድርሻ ልንወጣ ስንነሣ፣ የራሳችንን ልጅ እሑዱን ሙሉ አባት ወይም እናት ልናሳጣው አይገባም። ስለሆነም የመጀመሪያዎቹን የሁለት ሰዓት ጉዞዎች ከትዳር ጓደኛና ከልጆች ጋር ማድረግ ይቻላል። ልጆቹም ወላጆቻቸው ስለ ማን ብለው እንደሚደክሙ በዓይናቸው ያያሉ።

በመጨረሻም

ለጋሹ ስሙን በቃል መግቢያው ወረቀት ላይ ሲያሰፍር ያመነው ቡድኑን ነው፤ ይህ እምነት በተጓዡ ላይ ያረፈ አማና ነው። አማናውን መወጣት ማለት ጠንክሮ መሮጥ ብቻ አይደለም። በቅዳሜው ማረፍ፣ በዳገቱ መታገስ፣ ሕመም ሲሰማ መናገርና ከደካማው ጋር እኩል መራመድም ጭምር ነው። ያ ወንድማችን ዛሬ ድኖ ሩጫውን ቀጥሏል፤ በቡድኑ ጉዞም ከሁሉም ኋላ ውኃ ተሸክሞ ይሄዳል። ከዚያ ወዲህ ቡድኑ ሳይፈጽም የቀረው ጉዞ የለም፤ አልሐምዱሊላህ።

አላህ ኒያችንን ያስተካክልልን፤ እርምጃችንንም ለልጆቹ የሚጠቅም ያድርግልን።