ከዘንጉ ጫፍ ትይዩ የሚቆመው ልጅ

ጆተኒ ሊያሠራ ወደ ወርክሾፓችን የሚመጣ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ተጫዋቾቹ ነው። ዘንጉ ይቀላል ወይ? እጀታው አይንሸራተትም ወይ? ሁለት ለሁለት ሲገቡ ክርናቸው አይጋጭም ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ገንዘብ የሚከፍለው ተጫዋቹ ነውና። እኔ ግን ሜትር ከመዘርጋቴ በፊት የማስበው ሌላ ሰው ነው፤ ሳይከፍል ቆሞ የሚያየውን ትንሽ ልጅ።

አሠራሩን ለማያውቅ ላስረዳ። ጆተኒ፣ ማለትም የጠረጴዛ እግር ኳስ፣ ስምንት ዘንግ አለው፣ ለየወገኑ አራት አራት። በእያንዳንዱ ወገን አንድ በረኛ፣ ሁለት ተከላካይ፣ አምስት አማካይና ሦስት አጥቂ ተሰክተዋል፤ ሁለቱ ቡድኖች ሲደመሩ 22 ናቸው። እኛ የምንሠራው ዘንግ ከዳር እስከ ዳር የሚያልፍ ስለሆነ፣ ተጫዋቹ እጀታውን ወደ ውስጥ በገፋ ቁጥር ሌላኛው ጫፍ በወዲያ ጎን ብቅ ይላል። እዚያ የቆመው ትልቅ ሰው ከሆነ ሆዱን ይነካው ይሆናል። ትንሽ ልጅ ከሆነ ግን ጫፉ የሚያገኘው ጥርሱን ወይም ዓይኑን ነው። ስለዚህ ጫፉ ጎማ ያልለበሰ ዘንግ ከእጄ አይወጣም፤ ደንበኛው ቢቸኩልም።

እኔም በዚያ ቁመት ላይ ሳለሁ ክረምቱን ያሳለፍኩት ሶዶ ውስጥ ጆተኒ አጠገብ ነው። ዘመኑ 1990ዎቹ ነው። ሰኔ መጨረሻ ትምህርት ይዘጋል፣ ዳሞታ ተራራ ደመናውን ይከናነባል፣ ሜዳው ጭቃ ይሆናል። ያን ጊዜ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ሸራ ወደተወጠረበት በረንዳ ይሰበሰባል። ሕጉ አጭር ነበር፤ ተሸናፊ ይከፍላል፣ አሸናፊ ይቆያል፣ ማሽከርከር ክልክል ነው። ስሙኒ ያለው ልጅ ይሰለፋል። ስሙኒ የሌለው ደግሞ የበቆሎ እሸት ጠብሶ ለመሸጥ ወይም ጫማ ለመጥረግ ይወጣል፤ ያም ካልሆነለት ቆሞ ያያል።

ማየት ግን ሥራ ፈትነት አልነበረም። ኳሷ መስመር አልፋ እንደሆነ የምንመሰክረው እኛ ቋሚዎቹ ነን። ተጫዋቾቹ ሲጣሉ ፊታቸውን የሚያዞሩት ወደኛ ነው። ትልቁ ሥራችን ደግሞ ኳስ ማምጣት ነበር። አጥቂው አጥብቆ ሲመታት ኳሷ ከጠረጴዛው ትዘልና መንገድ ዳር ካለው ቦይ ትገባለች፤ ጎርፍ ከወሰዳት ጨዋታው አበቃ። ዝናቡ ውስጥ ሮጦ ኳሷን ቀድሞ የያዘ ልጅ፣ ቁምጣው ላይ ጠርጎ ሲመልሳት፣ አንድ ጎል እስኪቆጠር የበረኛውን ዘንግ ይይዛል። በዚያ ዘንግ ላይ የነበረኝ ደስታ ዛሬም እጄ ላይ አለ። ክርኔን ከፍ አድርጌ፣ በጣቶቼ ጫፍ ቆሜ፣ የትልልቆቹን ምት የመለስኩባቸው ጊዜያት ነበሩ።

ጠረጴዛ እንዴት እንደሚበላሽም ያወቅሁት በዚያ ዕድሜ ነው። ብዙ ያየ ልጅ ኳሷ ሁልጊዜ ወደየትኛው ጎል እንደምታዘነብል ያውቃል፤ ተራው ሲደርስ ያን ጎን ይመርጣል። ዛሬ ደንበኞቼን እግሩን በውሃ ልክ አስተካክላችሁ አቁሙት እያልኩ የምጨቀጭቃቸው ለዚህ ነው። በረንዳ ብዙውን ጊዜ ውሃ እንዲወርድለት ተዳፍቶ ነው የሚሠራው፤ ቀጥ ያለ ጠረጴዛም እዚያ ላይ ሲቀመጥ ያጋድላል። ክረምት ደግሞ የራሱን ጣጣ ይጨምራል። እርጥበት የገባው ኮምፔንሳቶ ያብጣል፣ መሐሉ ላይ ጉብታ ያወጣል፣ የማንም እግር የማይደርስበት ጎድጓዳ ይፈጠራል። ኳስ እዚያ ቆማ ከቀረች የልጁ ሳንቲም ያለ ጨዋታ ሄደ ማለት ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ብዙም አያስቸግርም፤ የጣውላውን ጠርዝ በቀለም መዝጋት፣ አራቱን ማዕዘን በሽብልቅ ከፍ ማድረግ፣ የተበላ ቦኮላ በጊዜ መቀየር፣ ለዘንጉ ትንሽ ግራሶ።

የዚህን ጨዋታ ታሪክ ሳነብ ልቤን የነካው የስፔኑ ነው። እንግሊዛዊው ሃሮልድ ቶርንተን እ.ኤ.አ. በ1923 በአገሩ ፓተንት አግኝቶበት ነበር። አሌሃንድሮ ፊኒስቴሬ የተባለው ስፔናዊ ገጣሚ ደግሞ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ማድሪድ ላይ በወረደ ቦምብ ቆስሎ ሆስፒታል ገባ። እዚያ እንደሱ የቆሰሉ፣ ኳስ ሜዳ መግባት የማይችሉ ልጆች አየ። ለነሱ ብሎ ያሰበውን ጠረጴዛ እንጨት ጠርቦ የሠራለት አልቱና የሚባል የባስክ አናጺ ነው፤ ፓተንቱም እ.ኤ.አ. በ1937 በባርሴሎና ተመዘገበ። እነዚያ ልጆችም ከዳር ቆመው የሚያዩ ነበሩ። እንደኔ አናጺ የሆነ ሰው ጠረጴዛውን ሲያበጅ ቁመቱን በማን ለክቶ ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ዘንጉ ላይ የሚሰኩት አሻንጉሊቶች ቀለምም ዘመን አለው። በልጅነቴ አንዱ ወገን ጊዮርጊስ፣ ሌላው ቡና ነበር። የከተማችን ክለብ ወላይታ ድቻ በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ካይሮ ላይ ዛማሌክን በመለያ ምት ከውድድር ካስወጣ ወዲህ ግን ሶዶ ውስጥ ድቻ የሌለበት ጆተኒ የሚያዝ ሰው አላጋጠመኝም። ችግሩ ተቃራኒውን ማን እናድርገው የሚለው ነው፤ አንዳንዱ አርባ ምንጭ በለው ይለኛል፣ ፉክክሩ እንዲሞቅ።

ዛሬ ብዙው ልጅ ክረምቱን የሚያሳልፈው ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። ጨዋታው ያምራል፣ አልከፋበትም። የሚያሳዝነኝ የቋሚው ልጅ ነገር ነው። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ያልከፈለ ይባረራል፤ ቢፈቀድለትም ከኋላ ሆኖ ስክሪን ከማየት በቀር የሚመሰክረው፣ ሮጦ የሚያመጣው ነገር የለም። መብራት ሲጠፋ ግን ሁሉም ተግተልትሎ ወደ ጆተኒው ይመጣል፤ ያኔ ለሁሉም ቦታ ሊኖር ይገባል።

ለዚህ ብዬ ከሁለቱ ጎሎች ኋላ፣ ዘንግ በማይወጣበት በአጭሩ ጎን፣ መርገጫ መበየድ ጀምሬአለሁ። ከመሬት ትንሽ ከፍ ያለ የቱቦላሬ ፍሬም ነው፣ ላዩ ጣውላ። ሦስት አራት ሕፃናት ይቆሙበታል፣ ሜዳውን ከጎል እስከ ጎል ያያሉ፣ ፊታቸውም ከዘንጉ ይርቃል። ባለጠረጴዛዎቹ ግን አይወዱትም። በረንዳ ያጣብባል፣ ዋጋ ይጨምራል፣ የማይከፍል ልጅ ይሰበስባል ይላሉ። በቅርቡ አንድ ወጣት ደንበኛዬ፣ «ጋሼ፣ እሱን ቆርጠህ አውጣልኝ፣ ለኔ የሚያስፈልገኝ የሚከፍል ነው» አለኝ። ባለፈው ዓመት ቆሞ ያየ ልጅ ዘንድሮ ሳንቲሙን ይዞ እንደሚመጣ አስረዳሁት፤ አልተዋጠለትም። ብዙ ተከራክረን በመጨረሻ ተስማማን፤ የብረቱን ዋጋ እኔ ቻልኩ፣ የጣውላውን እሱ ከፈለ፣ ጠረጴዛውም ከነመርገጫው አይሱዙ ላይ ተጫነ።