ያበጠ እግር በጉና ዙሪያ፦ የደም ስር ሕክምናና ስር የሰደደ ብግነት

በደቡብ ጎንደር ደጋ ያበጠ እግር ብዙ አባት አለው። ደም ስሩ የተገተረበት ገበሬ፣ ቀይ አፈር እግሩን ያሳበጠው ወጣት፣ ልቧ የደከመ እናት፣ አንጓዋን ቁርጥማት የያዛት አሮጊት አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተራ ይጠብቃሉ። ሁሉም «እግሬን አመመኝ» ነው የሚሉት። ከመካከላቸው የሁለት በሽታ ባለቤት የሆነም አይጠፋም፤ ደም ስሩም ተገትሯል፣ ከስሩም ለዓመታት የቆየ ብግነት አለ። ይህ ዳሰሳ በተለይ የሚመለከተው እሱን ነው።

ደም ስር የሚገተረው ለምንድን ነው? ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ሽቅብ ነው የሚጓዘው። ደም መልስ በሚባሉት ስሮች ውስጥ ወደ ላይ ብቻ የሚከፈቱ ትንንሽ ክዳኖች አሉ፤ የባት ጡንቻ ሲጨመቅ ደሙን ይገፋል፣ ክዳኖቹ ደግሞ እንዳይመለስ ይይዙታል። ክዳኖቹ ሲላሉ ደሙ ቁልቁል ተመልሶ ይጠራቀማል፣ ስሩ ይለጠጣል፣ ይጠማዘዛል። ቫሪኮስ የሚባለው ይህ ነው። በቤተሰብ ይወረሳል፣ በእርግዝና ይብሳል፣ ዕድሜና ውፍረት ያግዙታል፤ ረጅም መቆምም እንዲሁ። በዚህ አገር ደግሞ ቆሞ የሚውለው ብዙ ነው። ከሌሊት ጀምሮ በመቋሚያ ተደግፈው ማኅሌት የሚቆሙት ካህናትና ደብተራዎች፣ ጥቁር ሰሌዳ ፊት የሚውለው መምህር፣ ፀጉር አስተካካዩ ሁሉ የዚህ ወገን ናቸው። ስሩ ለዓመታት ሳይታከም ሲቆይ ከቁርጭምጭሚት በላይ ያለው ቆዳ ይጠቁራል፣ ይደርቃል፣ በመጨረሻም ይቆስላል። እዚያ ደረጃ ሲደርስ ቫሪኮስም ራሱ የብግነት በሽታ ይሆናል።

ሕክምናው ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ተለውጧል። ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ፍሪድሪክ ትሬንደለንበርግ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ትልቁን የላይኛውን ደም መልስ ጭን ላይ ማሰር ጀመረ፤ በኋላ ስሩን ማሰር ብቻ ሳይሆን ነቅሎ ማውጣትም ተለመደ። ዛሬ ባደጉት አገሮች ቀዳሚው ዘዴ ቀጭን ቱቦ ወደ ስሩ አስገብቶ በሌዘር ወይም በሬዲዮ ሞገድ ሙቀት ከውስጥ መዝጋት ነው። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2013 ቅደም ተከተሉን እንዲህ አስቀመጠ፦ መጀመሪያ በሙቀት መዝጋት፣ ያ ካልተቻለ አረፋ የሆነ መድኃኒት በመርፌ መስጠት፣ ቀዶ ሕክምና በመጨረሻ። በ2018 የወጣ፣ 450 ሕሙማንን ያካተተ የእንግሊዝ ጥናት ደግሞ ቁስለኛ እግር ላይ ስሩን ቶሎ መዝጋት ጥቅም እንዳለው አሳየ፤ ቶሎ የተሠራላቸው ቁስላቸው በመካከለኛ ግምት በ56 ቀን ሲድን፣ ሕክምናው የዘገየባቸው ግን 82 ቀን ፈጅቶባቸዋል። በእኛ ክልል ሆስፒታሎች በአብዛኛው የሚገኘው አሮጌው ማሰርና መንቀል ነው። አሮጌ ስለሆነ ብቻ መጥፎ አይደለም፤ በትክክለኛው እግር ላይ ከተሠራ ያድናል።

ትክክለኛው እግር የትኛው እንደሆነ መለየት ግን በደጋው ቀላል አይደለም። የጉና ተራራ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ያለ የሞተ እሳተ ገሞራ ነው፤ በዙሪያው ባሉት ወረዳዎች ባዛልት ፈርሶ የፈጠረው ቀይ ሸክላ አፈር በብዛት ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ የሠራው እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ፣ በደጋው የሚታየው ዝሆኔ በትንኝ ከሚተላለፈው የቆላ ዝሆኔ የተለየ መሆኑንና መነሻው ይህ አፈር መሆኑን አስረዳ። በባዶ እግር የሚሄድ ሰው ቆዳ ውስጥ የሚገቡት ደቃቅ የማዕድን ብናኞች የሊምፍ ቱቦዎችን፣ ማለትም ከሕብረ ሕዋስ ፈሳሽ የሚመልሱትን ቀጭን ቱቦዎች፣ ያስቆጣሉ፤ ቱቦዎቹ ይበግናሉ፣ ይጠባሉ፣ ይዘጋሉ። ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው በሽታ ይህ ነው። ተላላፊ አይደለም። አፈሩን የረገጠ ሁሉም አይታመምም፤ በደቡብ ኢትዮጵያ የተደረገ ጥናት ለበሽታው ከመጋለጥ 63 በመቶ ያህሉን በውርስ የሚመጣ አድርጎ ገምቶታል። ጎረቤት «የዘር ነው» ሲል ግማሽ እውነት ይዟል ማለት ነው። በዘሩ የተጋለጠውንም ግን ጫማ ይከላከልለታል።

በ2013 እ.ኤ.አ. የተካሄደው አገር አቀፍ ቅኝት በኢትዮጵያ ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሰቃዩና ወደ 35 ሚሊዮን የሚሆኑት ለበሽታው በተጋለጠ አካባቢ እንደሚኖሩ ገምቷል። በሽታው የሚበዛው ከ1,000 እስከ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት።

እንግዲህ የተገተረ ስርና ዝሆኔ አንድ እግር ላይ ሲገናኙ ምን ይደረግ? የኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ብግነቱ ሳይበርድ ስሩ አይነካ። ትልቁ ደም መልስና የሊምፍ ቱቦዎቹ ጎን ለጎን ስለሚሄዱ ስሩን መንቀል የተረፉትን ቱቦዎች ሊጎዳና እብጠቱን ሊያብስ ይችላል። የተሰነጣጠቀ ቆዳ ላይ የሚሠራ ቀዶ ሕክምናም ለመመረዝ የቀረበ ነው። ያበጠውን እግር ደም ስር ብቻ አድርጎ ማየት ለሐኪሙ ቀላል ነው፤ የተጠማዘዘው ስር ለዓይን ይታያል፣ የሊምፍ ቱቦ ግን አይታይም። መለያው አለ። ዝሆኔው ብዙ ጊዜ ከጣትና ከመርገጫ ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፣ በወጣትነት ይጀምራል፣ ያሳክካል፣ ያቃጥላል። ቫሪኮስ በአብዛኛው የእግር ጣቶችን አያሳብጥም። የሚያጠራጥር ሲሆን ዶፕለር አልትራሳውንድ ክዳኖቹ መላላታቸውን ያሳያል።

ብግነቱን የሚያበርደው ሕክምና ርካሽ ነው፤ ምናልባት የተናቀውም ስለዚህ ይሆናል። እግርን በጥቂት በረኪና በቀጠነ ውሃ መዘፍዘፍ፣ በሳሙና መታጠብ፣ በጣቶች መካከል ሳይቀር ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ ፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ፣ ሲተኙ እግርን ከፍ ማድረግ ናቸው። በምሥራቅ ጎጃም «ጎልበት» በሚል ስም የተካሄደው፣ 696 ሕሙማንን ያካተተውና በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ይህን እንክብካቤ ለአንድ ዓመት ፈተነው። እግሩ በድንገት ግሎ ቀልቶ ሰውየውን በትኩሳት የሚያስተኛው ግርሻ፣ እንክብካቤውን ባላገኙት በአማካይ በሰው በዓመት 23.9 ጊዜ ሲመጣ ባገኙት ወደ 19.4 ወረደ። ቅናሹ ከአምስት አንድ ያህል ነው። ይህን ያህል መቀነስ ለአንድ ገበሬ በርካታ የእርሻ ቀን ነው። ጠበል የሚጠመቁትም ልማዳቸውን መተው አያስፈልጋቸውም፤ ከወጡ በኋላ እግራቸውን ያድርቁ፣ ጫማ ያድርጉ።

ዝሆኔ ብቻውን አይደለም። የአንጓ ብግነት፣ ሉፐስ፣ የአንጀት ብግነት ያለበት ሰውም የደም ስር ሕክምና ሲያስብ የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። መጀመሪያ የደም መርጋት ነገር አለ፤ የአንጀት ብግነት ያለበት ሰው ደሙ በደም መልስ ውስጥ የመርጋት ዕድሉ ከሌላው ከ2 እስከ 3 እጥፍ ነው፣ የአንጓ ብግነትና ሉፐስም ዕድሉን ይጨምራሉ። ስለዚህ ከሕክምናው በኋላ ቶሎ ተነስቶ መራመድ፣ እንደ ሁኔታው ደም ማቅጠኛ መውሰድ ይታሰባል። ሁለተኛ፣ የእነዚህ ሕሙማን የእግር ቁስል ሁሉ ከተገተረ ስር የመጣ አይደለም፤ አንዳንዱ ራሱ ብግነቱ የፈጠረው ነው፣ ቢላ ሲነካውም ይሰፋል። ሦስተኛው ፕሬድኒሶሎን ነው። ቁርጥማት ያለበት ብዙ ሰው ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ እየገዛ ይውጠዋል። ቆዳን ያሳሳል፣ ቁስል ያዘገያል፣ ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ደግሞ «ቀዶ ሊሠራልኝ ነው» ብሎ በድንገት ቢያቆመው ሰውነቱ የራሱን ሆርሞን ማመንጨት ስለረሳ ሕይወቱ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ፋሻና የሕክምና ካልሲም ለሁሉም አይሆኑም። ደም ቅዳው የጠበበበትን እግር አጥብቆ ማሰር ሕብረ ሕዋሱን ይገድላል፤ በቁርጭምጭሚትና በክንድ ላይ የደም ግፊትን ለክቶ ማነጻጸር ይህን አስቀድሞ ያሳያል። ሁለቱም እግሮች እኩል ካበጡ ደግሞ ልብና ኩላሊት ይመርመሩ።

ወደ ሕክምናው የሚወስደው መንገድ የሚጀምረው ከጤና ጣቢያ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሞከር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ የደቡብ ጎንደር ዞኑ ፎገራ ነበር። መድኅኑ ግን ያለ ሪፈር ወደ ላይ ለዘለለ ሰው ሙሉ ወጪውን አይሸፍንም። ከጤና ጣቢያው ወደ ደብረ ታቦር፣ ከዚያ ወደ ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ነው ጉዞው፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ ያለው ግጭት ይህን መንገድ ብዙ ጊዜ ይዘጋዋል። ለዝሆኔ ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታልና አዲስ አበባ ያለው አለርት የቆየ ልምድ አላቸው። የደም ስር ልዩ ቀዶ ሐኪም የሚፈልግ ግን አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ መውረዱ አይቀርም።

ቀጠሮ ያለህ አንባቢ ሆይ፣ የምትወስደውን ኪኒን ሁሉ ከነማሸጊያው ያዝ፤ ያለ ማዘዣ የገዛኸውንም አትደብቅ። ጫማህንና ካልሲህን አውልቀህ ሁለቱንም እግር አሳይ፤ ቁስል ካለ መቼ እንደጀመረ፣ በቤተሰብ ዝሆኔ ካለም ሳትጠየቅ ተናገር። ቀዶ ከመታዘዙ በፊትም «ይህ እብጠት ከስሩ ነው ወይስ ከብግነቱ?» ብለህ ጠይቅ።