የምርምር ናሙናዎች አያያዝና የአካባቢ ጥበቃ

ለሕክምና ምርምር የሚሰበሰቡ የደም፣ የሴረምና የሕብረ ሕዋስ ናሙናዎች ሳይበላሹ ለዓመታት እንዲቆዩ አብዛኛውን ጊዜ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚያቀዘቅዙ ፍሪዘሮች ይቀመጣሉ። በአገልግሎት የቆየ አንድ ፍሪዘር በቀን 20 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ኤሌክትሪክ ይፈጃል። ወደ ክፍሉ የሚለቀውን ሙቀት ለማስወገድም ተጨማሪ ኃይል ያስፈልጋል።

በሀገራችን አብዛኛው ኤሌክትሪክ ከውኃ ኃይል የሚመነጭ በመሆኑ ጉዳዩ እኛን የማይመለከት ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ናሙናውን የሚታደገው በናፍጣ የሚሠራ ጄኔሬተር ነው። ከዚህም ሌላ በርካታ ነባር ፍሪዘሮች የያዙት ሃይድሮፍሎሮካርቦን የተባለ ጋዝ በጥገና ወይም በማስወገድ ወቅት ካመለጠ፣ ከባቢ አየርን የማሞቅ አቅሙ ከተመጣጣኝ ክብደት ካርቦን ዳይኦክሳይድ በብዙ ሺህ እጥፍ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 በኪጋሊ የጸደቀው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል ማሻሻያ የእነዚህን ጋዞች አጠቃቀም ደረጃ በደረጃ ለመቀነስ የወጣ ነው። በአሁኑ ጊዜ በፕሮፔንና በኤቴን የሚሠሩ ቆጣቢ ፍሪዘሮች በገበያ ላይ ይገኛሉ።

አዲስ መሣሪያ ከመግዛት በፊት ግን ሊወሰዱ የሚገባቸው እርምጃዎች አሉ።

1. ቆጠራ። መለያው የጠፋ፣ መቼና ለየትኛው ጥናት እንደተወሰደ የማይታወቅ ናሙና ለማንም አይጠቅምም፤ ኃይል ግን ይፈጃል። ናሙና የታማሚው አደራ በመሆኑ አወጋገዱም በስምምነት ቅጹና በሥነ ምግባር ኮሚቴው በጸደቀው ፕሮቶኮል መሠረት ሊፈጸም ይገባል።

2. ተስማሚ ቅዝቃዜ። ተጣርቶ የወጣ ዲኤንኤ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ለረጅም ጊዜ ሊቆይ ይችላል። ሕያው ሕዋሳት በአንጻሩ ፈሳሽ ናይትሮጂን ያስፈልጋቸዋል። ፍሪዘሩን ከ80 ወደ 70 ዲግሪ ማስተካከል ከፍጆታው ከሩብ እስከ ሲሶ ያህል ይቆጥባል። ነገር ግን ኤሌክትሪክ በተቋረጠ ጊዜ ናሙናው ከመሞቁ በፊት የሚገኘውን ፋታ ያሳጥራል። ስለዚህ ለውጡ ከመደረጉ በፊት የምርመራውን ዓይነት ማጤን፣ የማስጠንቀቂያ ደወሉንና የጄኔሬተሩን ብቃት መፈተሽ ግድ ነው።

3. አማራጭ ዘዴ። በጨቅላ ሕፃናት የኤችአይቪ ምርመራ እንደሚደረገው፣ በማጣሪያ ወረቀት ላይ የደረቀ ደም ከእርጥበት መጣጭ ጋር በአግባቡ ከታሸገ ያለ ፍሪዘር ሊጓጓዝ ይችላል። ዘዴው ለሁሉም ምርመራ ግን አያገለግልም።

4. እንክብካቤ። የተጋገረ በረዶን በየጊዜው ማስወገድ፣ የአየር ማጣሪያውን ማጽዳት፣ ፍሪዘሩን ከግድግዳ አራቆ ማስቀመጥና የናሙናዎችን ቦታ በመዝገብ መያዝ ያስፈልጋል። መዝገብ ያለው ባለሙያ በሩን ከፍቶ ለረጅም ጊዜ አይፈልግም።

ከዚህ እንደምንረዳው ኃይልን የሚቆጥበው ሥርዓት ናሙናንም የሚጠብቅ ነው። በመሆኑም የጥናት ንድፍ ሲዘጋጅ ስንት ናሙና እንደሚወሰድ ብቻ ሳይሆን የት፣ በምን ቅዝቃዜና እስከ መቼ እንደሚቀመጥ አስቀድሞ ሊወሰን ይገባል።