ብዙ መድኃኒት የሚወስዱ አረጋውያን በጾም ወራት

በየቤታችን ካሉ አረጋውያን አባቶችና እናቶች ራስጌ፣ ከጸሎት መጽሐፋቸው አጠገብ፣ በመድኃኒት የተሞላ ፌስታል ማየት የተለመደ ሆኗል። ለደም ግፊት ሁለት ዓይነት፣ ለስኳር አንድ ወይም ሁለት፣ ለጉልበት ሕመም ማስታገሻ፣ ለጨጓራ፣ አንዳንዴም ለእንቅልፍ ይወስዳሉ። አንድ ሰው በየዕለቱ የሚወስደው መድኃኒት አምስትና ከዚያ በላይ ሲሆን ሐኪሞች በተለየ ጥንቃቄ ይከታተሉታል። እያንዳንዱ መድኃኒት ለብቻው ተገቢ ሊሆን ይችላል። አደጋው ብዙ ጊዜ የሚመጣው መድኃኒቶቹ እርስ በእርሳቸው ሲጋጩ ወይም ከታማሚው የዕለት ኑሮ ጋር ሳይስማሙ ሲቀሩ ነው። ለኦርቶዶክሳዊ አረጋዊ ደግሞ የዕለት ኑሮ ማለት ጾሙ፣ ቅዳሴውና ጠበሉ ጭምር ነው፤ ሐኪሙ ግን ይህን ካልነገሩት አያውቅም።

በእርጅና ጊዜ የኩላሊትና የጉበት ኃይል ይቀንሳል። በጎልማሳ ሰውነት ውስጥ ቶሎ ተጣርቶ የሚወጣ መድኃኒት በአረጋዊ ሰውነት ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ብዙዎች «ዳኦኒል» በሚለው ስም የሚያውቁት ግሊቤንክላማይድ የተባለው የስኳር መድኃኒት ነው። ጠዋት ተውጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀመስ ሲቀር በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ከመጠን በላይ ሊያወርድ ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መደናገርና የንግግር መያያዝ ምልክቶቹ ናቸው። ታማሚው አቴኖሎልን ወይም ፕሮፕራኖሎልን የመሰለ የግፊት መድኃኒት አብሮ የሚወስድ ከሆነ ግን መንቀጥቀጡና የልብ ምት መፍጠኑ ላይታዩ ይችላሉ። ቤተሰብም «ጾሙ አድክሟቸው ነው» ብሎ ያልፈዋል። እንዲህ ያለ ነገር ሲታይ ታማሚው መዋጥ የሚችል ከሆነ ስኳር በውኃ በጥብጦ ወዲያው መስጠት ይገባል። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይጨመር በፍጥነት ወደ ሕክምና ይወሰድ።

በዚህ ጉዳይ የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ጭካኔ የለበትም። ፍትሐ ነገሥት ስለ ጾም በሚናገርበት በ15ኛው አንቀጽ ሕመምተኛውን ለይቶ ያየዋል። አስቸጋሪው ነገር ብዙ አረጋውያን ይህን የሚወስኑት ለብቻቸው መሆኑ ነው፤ ለነፍስ አባታቸው መድኃኒታቸውን፣ ለሐኪማቸው ጾማቸውን አይነግሩም። ለቅዱስ ቁርባን ሲዘጋጁ 18 ሰዓት ከምግብ የሚርቁ እናት ኢንሱሊን የሚወጉ ከሆነ፣ መርፌውን በራሳቸው ሐሳብ መተውም ሆነ ምግብ ሳይኖር እንደ ወትሮው መወጋት ሁለቱም ያሰጋቸዋል። ከቀኑ አስቀድሞ ከነፍስ አባታቸውና ከሐኪማቸው ጋር መመካከር ያስፈልጋቸዋል።

ከቅዳሴ መካከል ለሽንት ላለመውጣት ሲሉ ላሲክስን የመሰለ የሚያሸና ኪኒን እሑድ እሑድ የሚዘሉም አሉ። ለልብ ድካም የታዘዘ ከሆነ መዝለሉ እግር ያሳብጣል፣ ትንፋሽም ያሳጥራል። ሐኪሙን ቢጠይቁት ሰዓቱን ከቅዳሴ በኋላ ወደሚሆን ጊዜ ሊያዛውርላቸው ይችላል። ማታ መዋጥ ግን አይመከርም፤ በጨለማ እየተነሡ መውደቅ ይመጣልና።

ብዙዎች የማያስተውሉት ሌላው ነገር የጾም ምግብ ነው። ዋርፋሪን ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መድኃኒት ሲሆን፣ በአገራችን የልብ በር ሕመም ያለባቸው ብዙዎች ይወስዱታል። ጎመንና ሌሎች አረንጓዴ ቅጠሎች በውስጣቸው ባለው ቫይታሚን ኬ ምክንያት የዚህን መድኃኒት ኃይል ይቀንሳሉ። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ጎመን ሲዘወተር መድኃኒቱ ሊደክም፣ ከፋሲካ በኋላ ምግቡ ሲለወጥ ደግሞ ሊበረታና ደም ሊያፈስ ይችላል። ስለዚህ ጎመን አይበላ አይባልም፤ መጠኑ ዓመቱን ሙሉ ተቀራራቢ ይሁን፣ ጾም ሲገባና ሲፈታም የደም ምርመራ ይደረግ።

ስለ ጠበል በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። «ጠበል ከጀመርክ መድኃኒት ተው» የሚል ምክር በአንዳንድ ቦታ ይሰማል፤ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ግን ይህ አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪምንም መድኃኒትንም የእግዚአብሔር ስጦታ አድርጎ ያስተምራል፤ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም ምእመናን የኤች አይ ቪ መድኃኒትን ከጠበል ጋር እንዲወስዱ መክረዋል። አቴኖሎልንና የሚጥል በሽታ መድኃኒትን በድንገት ማቋረጥ ብቻውን ለከባድ አደጋ ያጋልጣል። ጠበል ጠጥተው የሚያስመልሱ ወይም የሚያስቀምጣቸው አረጋውያን ደግሞ የዋጡት ኪኒን አብሮ ሊወጣ፣ በሰውነታቸው ያለው ውኃም ሊቀንስ ይችላል። የሚያሸና መድኃኒትና ኤናላፕሪል የሚወስዱ ከሆነ ኩላሊታቸው ይጎዳልና ይህ ሲያጋጥማቸው ቶሎ ወደ ሐኪም ይሂዱ። በዚህ ላይ ለጉልበት ተብሎ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ሲጨመር ጉዳቱ ይብሳል።

በውጭ አገር ያሉ ልጆች በፍቅር የሚልኩት መድኃኒትም ጥንቃቄ ይሻል። ኖርቫስክና አምሎዲፒን ስማቸው ይለያይ እንጂ አንድ መድኃኒት ናቸው፤ ሁለቱንም የሚውጥ አረጋዊ እጥፍ ወሰደ ማለት ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር 8 ሰዓት ተብሎ የተጻፈውም በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ወይም ከምሽቱ 2 ሰዓት መሆኑን የሚያስረዳቸው ሰው ያስፈልጋል።

ከቤተሰቡ አንድ ሰው ኃላፊነቱን ይውሰድ። ጾሙ ከመግባቱ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት አስቀድሞ በቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ፣ የሐኪም ትእዛዝ የሌለውን ማስታገሻ፣ ከውጭ የመጣውንና የባህል መድኃኒቱን ሳይቀር፣ በአንድ ከረጢት ሰብስቦ ከአረጋዊው ጋር ወደ ሐኪም ወይም ወደ ፋርማሲ ባለሙያ ይሂድ። ስለ እያንዳንዱ መድኃኒት ለምን እንደሚወሰድ፣ አሁንም ያስፈልግ እንደሆነና በጾም ቀን በስንት ሰዓት እንደሚዋጥ ይጠይቅ። መልሱን በአማርኛ፣ በትልልቅ ፊደል ጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጥፍ፤ አንዱን ቅጂም ለነፍስ አባታቸው ያሳይ።